ከደብሩ በታች የቀረን ሁለት የቆላ ሰዎች

ፍኖተ ሰላም ስመደብ ብርዱን የፈራሁት ለእግሬ ነበር፤ የያዘኝ ግን በደረቴ ነው። የተወለድኩት አዋሽ ወንዝ አጠገብ፣ ሸንኮራ አገዳ በሚበቅልበት ሐሩር አገር ነው። ለጎጃም ሰው ፍኖተ ሰላም ሙቅ ከተማ ናት። እኔ ግን በመጀመሪያው ክረምት ትንፋሼ እያፏጨ ስቸገር ሐኪሙ አስም ነው ብሎ ፓፍ የሚሉትን የሚነፋ መድኃኒት አዘዘልኝ። ከዚያ ወዲህ ፓፏ ከነጠላዬ ጫፍ ተቋጥራ ትኖራለች። የምሠራው መድኃኒት ቤት ስለሆነ መድኃኒቱን ለራሴ የምሸጠው ራሴ ነኝ። መጀመሪያ ነገሩ ያስቀኝ ነበር፤ አብሮኝ የሚስቅ ሰው ሳጣ ግን ተውኩት።

እዚህ አገር ማንም አልከፋብኝም። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለሌሉኝ ከብቶች ሳይቀር ይጠይቁኛል። ሰላምታው ሲያበቃ ግን ጨዋታው ወደሚተዋወቁት ይዞራል፤ እኔ ፈገግ እንዳልኩ እቀራለሁ። ስለዚህ የቤት አከራዬ፣ የጽዋ ማኅበሩ መሪ እትዬ፣ "ለንግሡ ጮቄ ትከሻ ላይ ወዳለው ደብር ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ" ሲሉኝ ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ።

የማኅበሩ ሴቶች ወሬው ሲደርሳቸው መድኃኒት ቤት መጡ።

"አንች፣ ያችን የትንፋሽ መድኃኒት ለእኛም ስጭን እንጅ። ለተራራ ትሆናለች አሉ" አለችኝ አንደኛዋ።

"እናንተ ደገኞች አይደላችሁ? ተራራው ምን ያደርጋችኋል?"

"ዳገት መች ደገኛ ቆለኛ ይላል!"

የተማርኩትን ነገርኳቸው። ቆላ የለመደ ሰው ተቻኩሎ ከፍ ያለ ቦታ ሲወጣ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ሲብስበትም ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። የሚነፉት መድኃኒቶች ለዚህ ይሆኑ እንደሆነ ሐኪሞች ሞክረዋል፤ እርግጡ ግን ገና አልለየም። የተረጋገጠው ቀስ ብሎ መውጣት ነው፤ ከታመሙም መውረድ።

"ለመውረዱማ መድኃኒት ቤት ምን ሊሠራልን!" አለች ሴትዮዋ። ባዶ እጃቸውን እየሳቁ ሄዱ።

በጉዞው ቀን መኪናው ላይ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ተቀላቀሉን። የመጡት ከሽንዲ ወዲያ፣ አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ከሚያዘቀዝቅበት ነው። ልጃቸው መተማ ለሥራ ሄዶ ለዓመታት ድምፁ ጠፍቶ ነበር። በሰላም ቢገባልኝ ብለው ለደብሩ ጥላ ተስለው ኖሮ፣ ልጁ ገባላቸው። ጥላውን በነጭ ሻሽ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስተኝተውት ነበር፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር በክንዳቸው ያቅፉታል።

መኪናው በሚቆምበት የደጋ ገበያ ወርደን ዳገቱን በእግር ወጣን። ሽቅብ ባለ አንድ መንደር ምእመናን ተቀብለው ሁለት ሌሊት አሳደሩን። ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን ራሳቸውን በመቀነት አስረው ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ያስላቸው ጀመር። "ብርድ ነው" አሉ ሁሉም። እኔም ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ "ብርድ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ሊቆርቡ ስለተዘጋጁ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም።

በንግሡ ማለዳ የመጨረሻውን ዳገት ስንጀምር፣ ከሴቶቹ ኋላ ቀርተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ተቀምጠው እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ደረታቸው ያፏጫል፤ ውስጡም የሆነ ነገር እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል። ፓፏን ፈትቼ አወጣሁ። የውኃ ሃይላንድ ቂጡን በምላጭ ቆርጬ አፍና አፍንጫቸውን እንዲሸፍን አደረግሁና ፓፏን በአንገቱ በኩል ሰካሁ፤ መድኃኒቱ ምላስ ላይ እንዳይቀር እንዲህ ይደረጋል።

ሽማግሌው እጄን ገፉት። "ሥጋ ወደሙ ልቀበል ነው። ጾሜን አታስፈችኝ።"

ኋላ ኋላ ሲመጡ የነበሩት ቄስ ደረሱ። የማኅበሩ ንስሐ አባት ናቸው። የተቆረጠውን ሃይላንድ አገላብጠው አዩት።

"ይህ የሚበላ ነው የሚጠጣ?"

"የሚተነፈስ ነው፣ አባ።"

"ትንፋሽማ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ስውጥ ነው የመጣሁ። ይሳቡት፣ አባቴ።"

ሳቡት። ደግሜ ነፋሁላቸው። ጥቂት ቆይቶ ማፏጨቱ ረገብ አለ፤ ቀና ብለው "እፎይ" አሉ። ከፊት የተመለሱት ሴቶች እልል አሉ። እትዬ ግንባሬን ሳሙኝ። ሰው ሁሉ ስሜን ሲጠራ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከመንደሩ በቅሎ እየሳበ አብሮን የወጣ አንድ ጎልማሳ ደገኛ ሽማግሌውን ደግፎ ኮርቻ ላይ አወጣቸውና የበቅሎዋን ፊት ወደ ዳገቱ አዞረ።

ጆሮዬን ጀርባቸው ላይ አድርጌ ነበርና እኔ የሰማሁትን እነሱ አልሰሙም። ፉጨቱ ቢቀንስም የሚንተከተከው እንዳለ ነው። መድኃኒቷ የጠበበውን ቧንቧ ከፈተች እንጂ ውኃውን አላደረቀችም። ሲያስላቸው ሻሹ ላይ የቀረው አረፋ ደግሞ ሮዝ መልክ ነበረው።

"መውረድ አለባቸው" አልኩ።

"ምን አልሽ?" አሉ እትዬ።

"አሁኑኑ መውረድ አለባቸው።"

"ተሻላቸው እኮ! በገዛ እጅሽ አሽለሻቸው ምን ሁነሽ ነው? ደብሩ እኮ ይኸው፣ ጉልላቱ ይታያል። ስለት ከበር ሲመለስ የት አይተሻል?"

"እትዬ፣ ከወጡ ይሞታሉ።"

በዚህ አገር በሕመምተኛ ፊት እንዲህ አይባልም። ነገር በምሳሌ ይጠቀለላል፣ በዘመድ በኩል ይላካል፤ እኔ ግን እንደ ድንጋይ ወረወርኩት። ግንባሬን የሳሙኝ እትዬ አንድ እርምጃ ራቅ አሉ። አንዷ ሴት በስመ አብ ብላ አማተበች፤ "የሰው አገር ሰው" ስትልም ሰማኋት። የማደርገው ጠፋኝ። ሄጄ የበቅሎዋን ልጓም ያዝኩ። አልለቀቅኩም።

ቄሱ ሽማግሌውን ቀና ብለው ተመለከቷቸው። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ተናገሩ።

"አባቴ፣ እዚህ ያለው ታቦት ቆላም ወርዶ ያውቃል። ልጅዎን ከመተማ ያመጣልዎ እዚህ ተራራ ላይ ተቀምጦ አይደለም። እግር ሲደክም ስለት በእጅ ይደርሳል። ጥላውን ለእኔ ይስጡኝ።"

ሽማግሌው ጥላውን አጥብቀው ያዙ። ሊመልሱላቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳሉ ቀደማቸው። ሲያበቁ ጥላውን ለቄሱ አቀበሏቸው። አንገታቸውን ወደ ደብሩ ደፍተው ተሳለሙ፤ እኔን ግን አላዩኝም።

ማኅበሩ ወደ ላይ፣ ሽማግሌው፣ ባለበቅሎውና እኔ ወደ ታች ሆንን። እትዬ "መንገድ ያቅናላችሁ" አሉ፤ ዞር ብለው ግን አልተመለከቱም። እኔም ደብሩን ከጉልላቱ በቀር አላየሁትም። ከበሮው ሲጀመር ከኋላችን ሰማሁት፤ ኩርባውን ስናልፍ ነፋሱ ወሰደው።

"ሰው ለንግሥ ሽቅብ ይሄዳል፣ አንች ቁልቁል ትነጂናለሽ" አለኝ ባለበቅሎው። "ቆለኞች ስትባሉ ቁልቁለት ካያችሁ አትችሉም!" ሊያጫውተኝ መሆኑ ገባኝ፤ መሳቅ ግን አልቻልኩም። ሽማግሌው ኮርቻው ላይ ተጎንብሰው እኔ በማልሰማው አገውኛ ያጉረመርማሉ። እየጸለዩ ይሁን እየረገሙኝ አላውቅም። በወረድን ቁጥር ጀርባቸውን አዳምጣለሁ። ልክ ባልሆንስ? ብርድ ብቻ ከሆነስ? የአንድ አባት ስለት በእኔ ፍርሃት ከበር ተመልሶ ከሆነስ? በልቤ እመቤቴን የለመንኳት እንዲድኑ ብቻ አልነበረም፤ እንዳልሳሳትም ነበር። ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

ገበያው ጋ መኪና ተገኘ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ደረታቸውን ራጅ አንስቶ ሳንባቸው ውኃ መቋጠሩን ነገረኝ፤ ኦክስጅን ተደረገላቸው። "ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ" ብሎ ጀመረና ሽማግሌው እየሰሙ መሆኑን ሲያይ ዝም አለ። እሱ የጎጃም ልጅ ነው።

በማግሥቱ ከሥራ ወጥቼ አጥሚት ይዤ ሄድኩ። ከንፈራቸው ቀልቷል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር፤ አጥሚቱን ግን ተቀብለው ጠጡ። አላመሰገኑኝም፤ አልወቀሱኝምም። ልሄድ ስነሳ ነው የተናገሩት።

"አገርሽ ቆላ ነው አሉኝ።"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ምን ይበቅላል?"

ወደዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስለ አገዳው ነገርኳቸው፤ ከመቆረጡ በፊት ሲቃጠል ጥላሸቱ የታጠበ ልብስ ላይ እንደሚዘንብ፣ እናቴ ስለዚያ ከአገዳ ቆራጮቹ ጋር እንደምትጣላ፣ ሰው በሙቀቱ ደጅ አልጋ አውጥቶ እንደሚያድር። "ደጅ?" አሉና ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ስለ ወንዙ ስጀምር ትንፋሻቸው ረጋ ብሎ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አስታማሚዎች ከየአልጋው ሥር ያዩኝ ነበር። ሽማግሌው ቢተኙም ድምፄን ዝቅ አድርጌ እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ ነገርኳቸው።