ቀይ የቀባኋቸው ዛፎች

ያደግኩት ጉለሌ፣ ከቁስቋም በታች ባለው ዳገት ላይ ነው። በእኛ ሰፈር በጋ መግባቱ የሚታወቀው በጭስ ነበር። ከታኅሣሥ በኋላ ነፋሱ ሲደርቅ እንጦጦ ላይ አንድ ቦታ ይያያዛል። ሴቶች የተሰጣ ልብስ ለማስገባት ይሯሯጣሉ፤ ወንዶች ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ እየዘነጠፉ እሳቱን ሊመቱ ሽቅብ ይወጣሉ። የባሕር ዛፍ ልጣጭ ከነእሳቱ እየበረረ ሌላ ቦታ ስለሚለኩስ አንዱን አጥፍተው ሲመለሱ ሌላው ይጠብቃቸዋል። እንዲያም ሆኖ ባሕር ዛፍን ሲሰድቡት አልወድም። የበላሁት ሁሉ በእሱ ነው የበሰለው፤ ቤታችንም የቆመው በእሱ ነው። ጥፋቱ ብቻውን መሆኑ ነው። ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ እርጥበት አያስቀርም፣ የሚያራግፈው ቅጠል ደግሞ እንደ ክብሪት ይነዳል።

በደርግ ዘመን፣ ሃያዎቹን ገና እንደጀመርኩ፣ በአንድ የመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት ካርታ ነዳፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። እጄ ጥሩ ነበር፤ እኔም ይህን አሳምሬ አውቀው ስለነበር ጉራዬ አይቻልም። ቁጣዬ ደግሞ ከጉራዬ ይብስ ነበር። ኃላፊያችን ግን ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ ወደ ጠረጴዛው የሚያዩ ሰው ነበሩ። በስብሰባ ላይ “ጓድ” እንላቸዋለን፣ በሩ ሲዘጋ “ጋሼ”። ጋሼ ጴንጤ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ የት እንደሚሰበሰቡ ማንም አይጠይቃቸውም፣ እሳቸውም አይናገሩም።

የተሰጠን ሥራ በየዓመቱ የሚቃጠለውን የእንጦጦን ፊት እንዴት እንደምናድን ማቀድ ነበር። ዕቅዱን የጻፉት ጋሼ ናቸው፤ እኔ ነደፍኩት። ከሸንተረሩ ጫፍ ከታች እስካለው ወንዝ ድረስ አንድ ሰፊ መስመር ከባሕር ዛፍ ይጸዳል፤ እሳት ሲመጣ የሚበላው አጥቶ እዚያ ይቆማል። መስመሩ ግን ራቁቱን አይቀርም። ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ይተከልበታል፤ እነሱ ሲያድጉ ሣሩና እርጥበቱ ይመለሳል፣ ከዚያም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሰፋል። የቀረው ባሕር ዛፍ በአንዴ አይነካም፤ ከተማው ምን ሊያነድ ነው? ለማገዶ ቅጠል የሚጠርጉት ሴቶች መንገድም እንዳይዘጋ ተከራክሬ ካርታው ላይ አስገብቻለሁ።

የቀረው የዘሩ ነገር ነበር። ጋሼ ችግኙ ከዚያው ተራራ ዘር እንዲፈላ ፈለጉ፤ የአገሩን ውርጭና ነፋስ የለመደ ይሻላል ብለው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ሳቀ።

“እንጦጦ ላይ ከባሕር ዛፍ ሌላ ምን ቀርቶ ነው?”

“አለ!” ብዬ ጠረጴዛ መታሁ። ሻዩ ካርታዬ ላይ ፈሰሰ።

ጋሼ በመሐረባቸው ሻዩን እያደረቁ “እንግዲያው ፈልጊያ” አሉኝ።

ሦስት ወር ፈለግኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሥራ ትዝ አይለኝም። ብልሃቱን ያገኘሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ መጀመሪያ ሽቅብ እያየሁ አንገቴ ሲቆለመም፣ በኋላ መሬት መሬቱን ማየት ጀመርኩ። በባሕር ዛፉ መሀል መሬቱ ደረቅና ባዶ ነው። ድንገት ሣር ያየሁበት፣ ወይም እግሬ ለስላሳ አፈር የረገጠበት ቦታ ቀና ስል አንድ ያረጀ ጥድ ወይም የተጣመመች ወይራ ቆማ አገኛለሁ። ሃያ ሦስት ሆኑ። ሃያ ሦስተኛዋ ኮሶ ናት፤ ከሁሉም ከፍ ብላ፣ ከሸንተረሩ ሥር ባለ ሸለቆ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ሴቴ ኮሶ፣ ቀላ ያለ አበባዋን እንደ ወይን ዘለላ አንጠልጥላ። በዚያ ፊት ላይ ሌላ ኮሶ የለም። እሷ ከጠፋች ዕቅዳችን ውስጥ “ኮሶ” የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚቀረው። በልጅነቴ ኮሶ ያጠጡኝን ቀን አስታውሼ ፊቴን አጨማደድኩ፣ ከዚያ ግንዷን አቅፌ ሳምኩት። ማንም አላየኝም።

እንዳይቆረጡ እያንዳንዳቸውን በቀይ ዘይት ቀለም ቀባኋቸው። ያቺን አንድ ጣሳ ቀለም ከግምጃ ቤት ለማውጣት አንድ ወር ፊርማ ለቅሜያለሁ። ካርታውም ላይ ሃያ ሦስት ቀይ ነጥብ አደረግኩ፤ ከታች ጽድት ባለ እጅ ጽሑፌ “ቀይ ቀለም፦ የሚጠበቅ ዛፍ” ብዬ ጻፍኩ። ካርታው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አላፊ አግዳሚው ሲያደንቀው በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ።

መስመሩ ሊቆረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዲሱ ገበያ አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ለቆረጣው ከሌላ አገር በጭነት መኪና የመጡት ሰዎች መጥረቢያቸውን ከወንበር ሥር ደርድረው ሻይ ይጠጣሉ። ካቦአቸው ሸበቶ፣ አጠር ያሉ ሰው ነበሩ። እጄ ላይ የቀረውን ቀለም አዩና ጠሩኝ።

“ቀቢዋ አንቺ ነሽ?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“እግዜር ይስጥሽ ልጄ! ሥራችንን አቀለልሽልን። ትናንት ለሙከራ አንዷን ወይራ ጣልናት። ድንጋይ ናት እኮ፣ ሁለት መጥረቢያ አበላሽታብናለች። ሰኞ ከቀዮቹ እንጀምርና ባሕር ዛፉን እናስከትላለን።”

“የቀባኋቸው እኮ እንዳይቆረጡ ነው!” ብዬ ጮህኩ። በዚያን ጊዜ ሰው ሲጮህ ሌላው ሂሳቡን ከፍሎ ነበር የሚወጣው፤ ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ።

ካቦው አልተቆጡም። “እንዳይቆረጡ ቀባሽ?” አሉ፣ በእውነት ገርሟቸው። “እኔ በዚህ ሥራ ሸብቻለሁ። ለመብራት ምሰሶ የተመረጠ ዛፍ ይቀባል፣ የተቀባው ይወድቃል። ጥድና ወይራ ሲሆንብን ደግሞ ለአንድ ትልቅ ሰው የቤት ዕቃ ተፈልጎ ይሆናል ብለን ዝም አልን።” ግራና ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ደሞስ ልጄ፣ በዚህ ዘመን ቀይ ተደርጎበት የተረፈ ምን አይተሻል?”

በእኛው መንደር ውስጥ ልጆቻቸው ያልተመለሱላቸውን እናቶች በስም አውቃለሁ። ያንን ሁሉ አይቼ፣ አረንጓዴ ላይ ያምራል ብዬ ቀይ መረጥኩ። በሰውየው ፊት አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ወይራዋ አንጀቴን በላችው።

ለሰዎቻቸው እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው።

“እነግራለሁ። ግን በሦስት ቦታ ተከፍለን ነው የምንሠራው፣ ከሰዎቹ ግማሾቹን እኔም ያየኋቸው ዛሬ ነው። እኔ ታች ስሆን ላይ ያለው ቀለም ካየ ይጥላል። ሥራውን ላቁም ብልም አልችልም። ሰኞ ጀምር የሚል ወረቀት አለኝ፣ የሚያስቆመኝም ወረቀት ነው።”

ቢሮ ተዘግቷል። የጋሼን ቤት አላውቀውም። ሌላ ቀለም ቢገኝ እንኳ ለቆራጭ ቀለም ያው ቀለም ነው። ተስፋ ቆርጬ ሰውየውን ሳይ፣ ከሸሚዛቸው አንገት ሥር በላብ የጠቆረ ያረጀ ማተብ አየሁ። ማየቴን አይተው በጣታቸው ነካ አደረጉት።

“ይችን? ሚሊሺያ ሳለሁ አውልቅ ብለውኝ ነበር። ጠመንጃውን ውሰዱት፣ ይችን ግን እናቴ ናት ያሰረችልኝ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከአንገቴ ወርዳ አታውቅም።”

“ማተብ ያሰረ ዛፍ ቢያገኙ ይቆርጣሉ?” አልኳቸው።

የምቀልድ መሰላቸው። “ተጠምቆ ነው?”

“አልተጠመቀም።”

አጠገባቸው ወደተቀመጠው ቆራጭ ዞረው ያንኑ ጠየቁት። ሰውየው አማተበ። “እኔ እጄን አላነሳም። የሚያነሳም ካለ አብሬው ምሳ አልቀመጥም” አለ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። እዚያው ገበያ ሮጬ ያገኘሁትን ጥቁር ክር ሁሉ ገዛሁ።

እናቴ ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ለዛፍ ማተብ ማሰር ኃጢአት እንዳይሆን ፈራች፣ ቀጥሎ ደግሞ እሑድ መሥራት አይገባም አለች። ከራሷ ጋር ስትከራከር አመሸች። በነጋታው ከቅዳሴ ስትወጣ ግን ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። “ክር ማሰር ሥራ አይደለም” አለች፤ ማን እንደፈረደላት አልጠየቅኩም። ክሩን በሦስት እየገመድን ከዛፍ ወደ ዛፍ ዞርን። ከጎረቤቶቻችን አንዷ ጥዶቹን እየመታች “አይዞህ” ትላለች። እንደ ክርስትና ልጅ ስም ማውጣትም ጀምረው ነበር፤ ስሞቹ የሰፈር ሰዎች ስም ስለሆኑ እዚህ አልጽፋቸውም። የተቆረጠችው ወይራ ጋ ስንደርስ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች፤ እኔ አለቀስኩ። ሃያ አንዱን አሰርን። ኮሶዋ ጋ ለመውጣት ስንነሣ ፀሐይ ጠልቃለች፣ ጅቡ መጮህ ጀምሯል፣ የእናቴ ጉልበትም እምቢ ብሏል። እያየሁ ተውኳት።

ሰኞ ቢሮ ስደርስ ጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ አልገባችም ነበር። ጋሼ እንደመጡ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ቀለሙን፣ ወይራዋን፣ ማተቡን። ጠረጴዛውን እያዩ አዳመጡኝ። በዚያን ወቅት በመንግሥት ወረቀት ላይ ማተብ የሚል ቃል ማስገባት በገዛ እጅ ጣጣ መጥራት ነው፤ ለእሳቸው ደግሞ ከማንም በላይ።

“እኔ አንገት ላይ የለም፣ ታውቂያለሽ” አሉ በመጨረሻ። “ግን መጥረቢያ የሚያስቆም ክር ከሆነ እፈርማለሁ።” ፈረሙም። “ክር የታሰረባቸው ዛፎች አይነኩም” የሚል አንድ መስመር፣ ማኅተም ያለበት። ካርታው ላይም “ቀይ ቀለም” የሚለውን እዚያው አስፋቁኝ። ቆይቶ ከበላይ የመጣ አንድ ጓድ ክሩ ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ዓይናቸውን ሳያሹ “የቴክኒክ ምልክት ነው” ማለታቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ሽቅብ ሮጥኩ። የመጥረቢያው ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል፤ ሥራው ከላይ፣ ከኮሶዋ በኩልም ተጀምሯል። በመንገዴ ላይ ባሕር ዛፉ ወድቆ ተጋድሟል፤ በመሀሉ ጥዶቹ ከነቀዩ ቀለማቸውና ከነጥቁር ክራቸው ቆመዋል፣ ሰዎቹም ዙሪያቸውን እየተጠነቀቁ ይሠራሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሩጫዬን አላቆምኩም። እነዚህ ክር አላቸው፤ እሷ የላትም።

ሸለቆው አፍ ላይ ስደርስ በዙሪያዋ የነበረው ባሕር ዛፍ የለም። መጀመሪያ ያየሁት ያንን ባዶ ሰማይ ነው። ቀጥሎ እሷን አየሁ፤ አበባዋ አንድም አልረገፈም። ካቦው ከሥሯ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። በዚያ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ ጉሮሯቸው ቆልፈዋል። ቀረብ ስል በዝቅተኛው ቅርንጫፏ ላይ አንድ በላብ የጠቆረ ያረጀ ማተብ ታስሮ አየሁ።

ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። አላነበቡትም።

“ትናንት ማታ ሳስበው” አሉ “እዚህ ድረስ አትደርሱም አልኩ። ጠዋት ስመጣ እውነትም ክር የላትም። ልጆቹ ደግሞ መጥረቢያቸውን አንሥተዋል።”

“ከአንገቴ ወርዳ አታውቅም ብለውኝ አልነበረም?”

“አዎ፣ አታውቅም ነበር” አሉና ቆሎውን ዘገኑልኝ።

ኪሴ ውስጥ እናቴ የገመደችው ክር ተርፎኝ ነበር። ከኮሶዋ ላይ የእሳቸውን ልፈታና ይህንን ልተካ ብል አሻፈረኝ አሉ፤ የተሰጠ አይመለስም ብለው። ያኔ ክሩን ይዤ ወደ እሳቸው ዞርኩ። ገባቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ፣ ሊጠመቅ እንደመጣ ሰው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ አመለጠኝ።

“በደንብ እሰሪው” አሉ፣ አንገታቸውን እንዳቀረቀሩ። “ብቻ አደራሽን፣ ቀለሙን እንዳታስነኪኝ።”