ስለ ጎረቤቴ ልጠይቅ ደልጊ ድረስ

እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ

ከባሕር ዳር የተነሣሁት የዓመት ፈቃዴን ለእድራችን ጉዳይ ሰውቼ ነው። ግድግዳ የምንጋራው ልብስ ሰፊው ሰይድ እድር ልግባ ብሎ አመልክቷል። በድርቁ ዓመት ከወሎ ተሰዶ ደልጊ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ ወደ እኛ ሰፈር ከመጣ ሦስት ወሩ። ማመልከቻው እንደሚለው በቅርቡ ከወሎ ያስመጣቸው እናቱ ክፉኛ ታመዋል፤ አብሮት የሚቀብር ሰው እንዳያጣ ሰግቷል። የእድሩ ዳኛ አያ መኩሪያ ግን፣ «ወሎዬ ነው፣ እስላም ነው፣ ጠባዩን ማን ያውቃል? ከነበረበት ይጣራ» አሉ። ጸሐፊው እኔ ስለሆንሁ ጣጣው በእኔ ላይ ወደቀ።

ወደ ደልጊ የምትሄደው የጣና ጀልባ ከሰው ይልቅ ቆርቆሮና ጨው ጭናለች። ዘጌን አልፈን ደቅ ስንደርስ ግማሹ ሰው ወረደ። ቁንዝላ አደርን። በአንድ ብር ዓሣ ጥብስ በላሁ፤ ቁንጫው ግን አላስተኛኝም። የቀበሌው ጥበቃ የይለፍ ደብዳቤዬን ሦስት ጊዜ አየው። ሦስቱንም ጊዜ ዘቅዝቆ እንደያዘው ልነግረው አልደፈርሁም።

ሰኞ፣ ደልጊ

ከወደቡ በላይ ጠላ የሚሸጡ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ቤት አረፍሁ።

«ወሎዬው እስላም፣ ልብስ ሰፊው ሰይድ፣ እንዴት ያለ ጎረቤት ነበር?» አልኋቸው።

«አይ እሱ! አጥሬን አንድ ክንድ የገፋብኝ! ቢነግሩት አይሰማ፣ ቢለምኑት አይመለስ። ተገላገልነው።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ሥራዬን በአንድ ቀን ጨርሼ መመለሴ ነዋ። ለማጠናከር ያህል ብቻ፣ ዳር ላይ መረብ የሚጠግኑ አባባ ውበቱ የተባሉ ሽማግሌን ጠየቅሁ።

«ሰይድ? ሚስቴን ወባ ሲጥላት ቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሰልኝ! እንዴት ያለ ሰው መሰለህ!»

ግራ ገባኝና የአጥሩን ነገር አነሣሁላቸው። ሳቁብኝ።

«ሁለት ሰይድ እኮ ነበሩን፣ ልጄ። ሁለቱም ወሎዬ፣ ሁለቱም እስላም፣ ሁለቱም ልብስ ሰፊ። በአንድ ሳምንት መጥተው በአንድ ወር ሄዱ። የእናንተው የትኛው ነው? ቃሬዛ የተሸከመው ቀልደኛው ነው ወይስ አጥር የገፋው አኩራፊው?»

ማስታወሻዬን ከደንሁ።

«ኧረ ለመሆኑ አነጋግረኸው ታውቃለህ?»

ሦስት ወር ሙሉ የሰማሁት የስፌት መኪናውን ድምፅ ነበር።

ሐሙስ፣ ባሕር ዳር

ወገቤ ተቆርጦ፣ ፊቴ በፀሐይ ተልጦ ገባሁ። አያ መኩሪያ በር ላይ አገኙኝ።

«ምን አሉህ?»

«የሁለት ሰው ወሬ ነገሩኝ። የእኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልሁም።»

«እንግዲህ በከንቱ ደከምህ» አሉ፣ ወደ መሬት እያዩ። «እናቱ ማክሰኞ ተቀበሩ። ውሳኔ ስላልነበረ ድንኳኑን አላወጣንም። የቀበሯቸው ጥቂት የመስጊድ ሰዎች ናቸው።»

አፈርሁ። ከነአቧራዬ ወደ ሰይድ ቤት ገብቼ «አላህ ያጽናህ» አልሁት። ከወንበሩ ላይ የተቆለለውን ጨርቅ አንሥቶ አስቀመጠኝ። ቀልደኛው ይሁን አኩራፊው ከፊቱ ማወቅ አልቻልሁም፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ነው። ከዚህ ሁሉ መንገድ ያተረፍሁት አንድ ትምህርት ቢኖር፣ ደልጊ ድረስ ይዤው የሄድሁት ጥያቄ እዚሁ፣ ከግድግዳው ወዲያ መጠየቅ የነበረበት መሆኑ ነው። ደክሞኛል፤ ግን ብድግ ብሎ መሄድ አቃተኝ።

«እናትህ ስማቸው ማን ነበር?» አልሁት።

«ዘሀራ» አለኝ። ስማቸውን ሲጠራ አለቀሰ።