እጅሽን አንሺ!

አላህ ይዘንላቸውና፣ አክስቴ ሪያድ፣ ነሲም የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሰው ቤት ሲሠሩ ነው ያረጁት። ደሴ ያለችውን ልጃቸውን እንዲያዩበት አሮጌ ላፕቶፔን ሰጠኋቸው፤ ሊኑክስ የሚባል ነፃ ሲስተም ጭኜበት።

«ነፃ ነው እትዬ፣ ማንም ይጠቀምበታል» ብላቸው ዓይናቸውን አጠበቡ። «ካፊሉ ማነው ታዲያ?» አሉኝ። ሪያድ ዋስ የሚሆን አሠሪ፣ ካፊል የሚሉት፣ ከሌለ መኖሪያ ፈቃድም የለም።

«ካፊል የለውም።»

«ሱብሃነላህ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን ሲከፍቱ ሁሌም ለሠሩት ሰዎች ዱዓ ያደርጉ ነበር።

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር የለኝም። ሲዘገዩብኝ ማውሱን ልቀማቸው እላለሁ፤ እሳቸው እጄን ቸብ ያደርጉታል። «እጅሽን አንሺ! ዕድሜዬን በሰው ትእዛዝ ሠርቻለሁ፤ ይሄን እንኳ ራሴ ልሳሳትበት።»

ስንት ጁምዓ ሲሳሳቱ ከረሙ። አንድ ቀን ግን ልጃቸው ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። የደወሉላት በገዛ እጃቸው ነበር፤ እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። በኋላ እኩዮቻቸውን ሰብስበው ያስተምሩ ጀመር፣ የእነሱንም እጅ አልነኩም።

ከቀብራቸው በኋላ ባለው ጁምዓ ላፕቶፑን ከፈትኩት። እጄን ማውሱ ላይ አድርጌ ትንሽ ጠበቅኩ። ቸብ የሚያደርገኝ የለም።