በየፕላኔቱ የአገር ሰው

በቀደም ዕለት የጎረቤት ልጆች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዳይስ በቆርቆሮ ትሪ ላይ ሲጥሉ ሰምቼ፣ ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ። ያ ኳኳታ ይዞኝ የሄደው ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 የተባለው ሰፈር፣ ግማሹ በብሎኬት ግማሹ በጣውላ ወደተሠራው ቤታችን ነው። አርብ አርብ ከሰዓት አባቴ ሽርጡን አገልድሞ፣ ታላቅ እኅቴ ዘይነብ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እኔም ትሪውን ይዤ፣ በሐሳባችን ከኮከብ ኮከብ ስንዞር እንውል ነበር።

ይህን የጠፈር ጨዋታ ወደ ቤት ያመጣችው እናቴ ናት። እዚያው እያደረች የምትሠራላቸው ፈረንሳዮች፣ ሙቀቱ ሲበረታና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ከመጋረጃና ከድስት ጋር ልጃቸው የተወውን አንድ ካርቶን ሰጧት። መጫወቻ ሰሌዳ ይኖረዋል ብለን ብንዘረግፈው ከውስጡ የወጡት ስስ የፈረንሳይኛ መጻሕፍትና ዳይስ ብቻ ስለነበሩ እኔ ወዲያው አኮረፍኩ። ዘይነብ ግን ተስፋ የምትቆርጥ ልጅ አልነበረችም፤ ከበረሃው የሚነፍሰው ካምሲን አቧራውን በበሩ ሥር እያስገባብን፣ መብራት ሲጠፋ ደጃፍ ላይ እየወጣች፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብባ ጨረሰችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንዷ መሪ ሆና ዓለሙን ትተርካለች፣ ሌሎቻችን የጠፈር መርከብ ሠራተኞች ሆነን የምናደርገውን እንናገራለን፣ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ሥዕል የለ፣ ጠጠር የለ፤ ሁሉም ነገር የሚታየው በአፍ ነው። መጽሐፉ ያረጀ ስለነበር በውስጡ ያሉት የሩቅ መጪ ዘመን ሰዎች ኮምፒውተር አንድ ክፍል ይሞላ ነበር፤ ከፕላኔት ፕላኔትም ስልክ ስለሌለ ወሬ የሚደርሰው መርከብ ሲደርስ ብቻ ነው። ይሄ ለእኛ ምንም አልገረመንም፤ ዘመዶቻችን ስልክ ስላልነበራቸው የአገር ቤት ወሬ የምንሰማው ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነበርና።

አባቴ ወደብ ላይ የትራንዚት ጸሐፊ ስለነበር ጨዋታውን ከኛ በላይ ወደደው፣ ከኛ በላይም አበላሸው። የጫንነውን እህል አውርደን ልንሸጥ ስንል «ቆይ እንጂ፣ ዱዋኑስ?» ይልና የጉምሩኩ ወረቀት ካላለቀ አንዲት ጆንያ አያስነካንም ነበር። መርከባችንም በዚያ ጨለማ ሰማይ ላይ፣ ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጥለው እንደሚያንቀላፉት መርከቦች፣ ተራዋን ስትጠብቅ ትውላለች። ዘይነብ ተናድዳ «አባዬ፣ መጽሐፉ እኮ እንዲህ አይልም!» ስትለው፣ «መጽሐፉ ወደብ ሠርቶ አያውቅም» ይላታል።

ሙቀቱ ሊቀንስ ሲል የአክስቴ ልጅ ሰይድ ከኮምቦልቻ በኩል መጣ። አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ስለመጣ እግሩ ቆስሎ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ሐሳቡም ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያም ሳዑዲ መግባት ነው። ያኔ ነፋሱ ገና አልበረደም፣ የሚያሻግረው ደላላም ማዕበሉ ጋብ እስኪል ጠብቅ ብሎታል። እናቴ ከአዲሶቹ አሠሪዎቿ ቤት በመጣች ቁጥር «እዚሁ ወደብ ሥራ ይፈለግልሃል፣ ልጄ፣ ባሕሩን ተወው» እያለች ትለምነው ነበር፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ «እሺ እቴቴ» ይልና ከሐሳቡ ግን ንቅንቅ አይልም።

ጨዋታው ላይ ግን እንደ ሰይድ ያለ አልነበረም። ማንም ከመጫወቱ በፊት የራሱን ሰው ይሠራል፤ የት እንደተወለደ፣ ምን ሠርቶ እንዳደገ ዳይስ እየጣለ ያወጣል፣ ዕድሉ ከጠመመ ግን ያ ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ሊሞት ይችላል። የሰይድ የመጀመሪያው ሰው እንደዚያ ሞተበትና እሱ በሳቅ ሲፈርስ፣ ጥግ ላይ ልብስ ስትተኩስ የነበረችው እናቴ ካውያዋን ብድግ አድርጋ «ወግዱ! በሰው ዕድሜ ዳይስ አይጣልም!» አለች። ከዚያ ወዲህ በኛ ቤት ሕግ መንገድ ላይ የሚሞት አልነበረም።

ሰይድ ደግሞ የራሱን ልማድ ጨመረበት። አዲስ ፕላኔት ላይ ባረፍን ቁጥር፣ አየሩ ይተነፈሳል ወይ፣ አውሬ አለ ወይ ሳይል፣ «እዚህ የአገር ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጅቡቲ የገባ አበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ ማናችንም አልሳቅንም። ዘይነብም ሁልጊዜ «አለ» ትለው ነበር። በአንዱ ፕላኔት ሽሮ ቤት የከፈተች የደሴ ሴት፣ በሌላው መኪናው የተበላሸበት ሾፌር ይገኛል፤ እነሱም ያበሉናል፣ መኝታ ይሰጡናል፣ መንገዱን ያሳዩናል። በነዚያ ሳምንታት ጠፈሩ ሁሉ የኛ ሰፈር ሆኖ ነበር፣ እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ብርዱ፣ ማለትም ጅቡቲ ብርድ የምትለው ለስላሳ አየር፣ ሲገባ ባሕሩ ተኛ። ደላላውም ከኦቦክ ጠረፍ ወደ የመን ጀልባ መነሣት ጀምሯልና ተዘጋጅ ብሎ ላከበት። በዚያው አርብ ዘይነብ ቀይ አሸዋና ዝም ያለ ባሕር ያለበት ፕላኔት ላይ አሳረፈችን። ሰይድ እንደ ልማዱ ጠየቀ።

«የለም» አለችው።

«ደኅና አድርገሽ ፈልጊልኝ እስቲ፣ ዘይኑ።»

«ፈልጌያለሁ፣ ሰይዴ። ማንም የለም። ስምህን የሚያውቅ የለም። ብትወድቅ የሚያነሣህ የለም።» አባቴ ዓይኑን ትሪው ላይ ተከለ። እናቴ ካውያዋን አስቀመጠች፣ ነገር ግን አሁን አልተቆጣችም። ስለ ጨዋታው እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ዘይነብ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ መሪ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ጠየቀችው፤ «ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

ሰይድ ዳይሱን ከትሪው አንሥቶ ሳይጥለው መልሶ አስቀመጠው። በመጨረሻ «እንግዲያው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኛ» አለ፤ ፉከራ አልነበረበትም፣ እንዲያውም ፈርቶ ነበር።

በሳምንቱ ሄደ። እናቴ አቅፋው አልለቅ ብላ አባቴ ነው ያላቀቃት። ዘይነብ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ከተተችው፤ እኔ ደግሞ እንደዚያ ባትለው ኖሮ ሳይከፋው ይሄድ ነበር ብዬ ለስንት ጊዜ አኮረፍኳት። ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ምንም ወሬ አልመጣም። እናቴ የባሕሩን ስም መስማት አስጠላት፤ ዓሣ እንኳ ቤታችን አልገባም።

ሙቀቱ ተመልሶ ሲጀምር የአባቴ ሞባይል ጮኸ። ሰይድ ነበር፣ ከየመን። ለእናቴ ደኅንነቱን ነግሮ ዘይነብን አቅርቡልኝ አለ። እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችውና፣ ሲዘጋ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። የነገራት እንዲህ ነበር፤ «ልክ ነበርሽ፣ ማንም አልነበረም። ከጀልባው ስንወርድ ግን አንድ ልጅ ክንዴን ይዞ ‹እዚህ የአገር ሰው አለ?› አለኝ። አለ፣ እኔ አለሁ አልኩት።»

ዛሬ ልጆቼ በስልካቸው ጠፈር ይዞራሉ፤ ኮከቡም መርከቡም ከነቀለሙ ተሥሎ ስለሚጠብቃቸው እዚያ ምን እንዳለ ማንንም አይጠይቁም፣ እኔም ደስታቸውን አልነቅፍም። እኛ ግን ምንም ስለማናይ አንዳችን ሌላውን መጠየቅ፣ የተጠየቀውም ማሰብ ነበረበት። በልጅነቴ ዘይነብ ሰይድን ልታስቀረው ሞክራ ያልተሳካላት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ለዚያ ባሕር ዳርቻ ያዘጋጀችው እሷ ብቻ እንደነበረች አስባለሁ፤ ሌሎቻችን ስለምንወደው በየደረሰበት የሚቀበለው የአገር ሰው እንዳለ እያስመሰልን ልንሸኘው ነበር።