በልጅ ቁመት

አክስቴ አንድ ነገር ሠርተን በጨረስን ቁጥር «እስቲ ልጅ ልሁን» ይሉና መሬት ላይ ይንበረከኩ ነበር። ጡረታ የወጡ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበሩ። በእንጅባራ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ውስጥ ጫካና ምንጭ የሚመስል መማሪያ ሲያዘጋጁ፣ አናጢው የወንድማቸው ልጅ እኔ አግዛቸው ነበር። ከቀርከሃ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ሠራን። ልጆች ሳያዩ በእጃቸው ዳስሰው የሚለዩት ላባ፣ ቅርፊትና የበግ ጠጉር የያዙ ሣጥኖችም ሰቀልን።

«ከፍ ብሏል፤ ዝቅ አድርገው» አሉኝ ከወለሉ ሆነው።

«እቴቴ፣ ጉልበትዎን ያመዎታል፤ ይነሡ።»

«ዝቅ አድርገው አልኩህ!»

ሥራው እንዳለቀ በአካባቢው ግጭት ተነሥቶ መንገዱም ትምህርት ቤቶቹም ቤተ መጻሕፍቱም ተዘጉ። እሳቸውም ታመሙ፤ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው መኪና አጣን። አልጋቸው ላይ ሆነው «ልጆቹ መጡ?» አሉኝ። «ገና ናቸው» ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያው ሌሊት ዐረፉ።

ባለፈው ሳምንት ክፍሉ ተከፈተ። ልጆቹ እጃቸውን ሣጥኖቹ ውስጥ እየከተቱ ሲስቁ ዋሉ። ማን እንዳሰበላቸው ግን የጠየቀ አልነበረም። ልነግራቸው ብዬ የአክስቴን ስም ጠራሁና እንደ እሳቸው መሬት ላይ ተንበረከክኩ።