ሜሮን የምትሰማው ጣቢያ

መሳቢያዬ ውስጥ አንዲት የተቃጠለች ትራንዚስተር፣ ጥፍር የምታክል የሬዲዮ የውስጥ ዕቃ፣ አለች። ልጆቼ ለምን እንደማልጥላት ይጠይቁኛል። ያቃጠልኳት እኔ ነኝ፤ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ሰፈራችንም ካዛንቺስ።

በዚያ ዓመት ጓደኛዬ ሜሮን እግሯ ተሰብሮ በጄሶ ታስሮ ቤት ዋለች። ለሚኒስትሪ ፈተና የቀረን ሦስት ወር ነበር። ቤታቸው ወደ ባምቢስ ቁልቁል ስለሆነ እማዬ ከትምህርት በኋላ ያንን ሁሉ አስፋልት ብቻዬን እንድሻገር አትፈቅድም፤ እነሱ ቤት ደግሞ ስልክ የለም። ሜሮን አንድ ክፍል ወደ ኋላ ልትቀርብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። አባባ የቢሮ ሠራተኛ ቢሆንም ቅዳሜና እሁድ የጎረቤት ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ለቅሶዬ ሲሰለቸው እነሜሮን ቤት ሬዲዮ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አለ አልኩት።

ትምህርቱን በሬዲዮዋ እንዳነብላት የሠራልኝ ትንሽ ማሰራጫ ግን ድምፄን ከግቢው በር አላሻገረችም። ጉልበት የሚጨምርላት አምፕሊፋየር ያስፈልጋት ነበር። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ሄደን ከአሮጌ የመገናኛ ሬዲዮ ሆድ ሁለት ትራንዚስተር አወጣን። ከተቃጠለ ስታቢላይዘር የመዳብ ሽቦ ፈታሁና እስክሪብቶ ላይ ጠመጠምኩት። የትራንዚስተሮቹን ሙቀት እንዲያወጣልን የእማዬን የአሉሚኒየም ድስት ክዳን ቆረጥን፤ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈችን። አንቴናችን የግቢው ልብስ ማስጫ ሽቦ ሆነ። ያ የብየዳ ጭስ ሽታ እስካሁን ደስ ይለኛል።

እኔ ቸኩዬ አንቴናውን ሳላገናኝ ባትሪውን ሰካሁት። የመጀመሪያዋ ትራንዚስተር እዚያው ጨሰች። መውጫ ያጣ ጉልበት ተመልሶ ራሷን እንደሚበላት አባባ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ከዚያ የቀረችንን አንዲት ትራንዚስተር ራሴ እንድበይዳት ሰጠኝ። በየድኳት፤ አንቴናውን ካገናኘሁ በኋላ ባትሪውን ሰካሁት።

ሠራች። ሰዓቱንና የጣቢያውን ቁጥር እኛ ትምህርት ቤት በምትማረው በሜሮን ታናሽ እህት ላክሁና፣ እኔም ማታ የማጠናበትን ደብተር መላክ ስለማልችል፣ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የዕለቱን ትምህርት ማንበብ ጀመርኩ። በማግስቱ ታናሽ እህቷ ትምህርት ቤት ከሜሮን የተላከ ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ፤ “ቀስ በይ፣ እየጻፍኩ ነው” ይላል። ያን ቀን ምሳዬን እንኳ አልበላሁም፣ በደስታ ብቻ ጠገብኩ።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ሒሳብ እያነበብኩ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄድኩ በኋላ ከውጭ የተመለሰው አባባ፣ በር ላይ በያዘው ሬዲዮ ድምፄ ጭራሽ እንደማይሰማ ነገረኝ። ወጥተን ስናይ እማዬ እርጥብ ብርድ ልብሶቿን ሽቦው ላይ ደርድራለች።

“ታዲያ የት ላስጣው?” አለች።

ለሜሮን ሒሳብ እያነበብኩላት መሆኑን ነገርኳት። እማዬ ብርድ ልብሶቹን አወረደች። የሚቀመጡበት ንጹህ ቦታ ስላልነበረ ታቀፈቻቸው። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሬ እስክጨርስ ድረስ ቀሚሷ እየራሰ እዚያው ቆመች።

ሜሮንም እኔም አለፍን። ያ ግቢ ዛሬ ፈርሷል፤ ካዛንቺስም ሌላ ሰፈር ሆኗል። ብዙም አልቆጭም፣ እናትና አባቴ ኮንዶሚኒየማቸው በረንዳ ላይ ደህና ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጆቼ ደግሞ የቀረባቸውን ትምህርት በአንድ ደቂቃ በስልክ ይላላካሉ።

በቅርቡ ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ሜሮንን ስለዚያ ቅዳሜ ጠየቅኳት። ድምፄ ሲጠፋ የቤቱ ሰው ሁሉ ሬዲዮኑን ዝጊው ብሏት ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶዋን እንደያዘች ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሽሽሽ የሚለውን ስታዳምጥ ቆየች።

“እንደምትመለሺ እያወቅኩ ለምን እዘጋዋለሁ?” አለችኝ።

እኔ ዛሬ ስልክ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሳ የምዘጋ ሰው ነኝ።