የቻላቸውን እግር ያሳረፈች ሳጥን

ወረታ ውስጥ የአንለይን ሱቅ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ሬዲዮ ተበላሽቶበት አያውቅም ማለት ነው። አንለይ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ እጁ ግን የነካውን ሁሉ ያናግራል። የሩዝ መፈልፈያ ሞተር በሉት፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ በሉት፣ ሞቶ የመጣው ሁሉ ከሱ ሱቅ ነፍስ ዘርቶ ይወጣል። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ቻላቸው ነው። ቻላቸው ሹፌር ነው፤ የአንድ ነጋዴን፣ የመንግሥቴን፣ አይሱዙ የጭነት መኪና ይዞ ከወረታ ባሕር ዳር ሩዝ ያመላልሳል።

ዐምና በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቻላቸው ጫማውን አውልቆ ከሱቁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያወጋል። አንለይ በካውያው የሬዲዮ ሽቦ ይበይዳል። የቀለጠ እርሳስ ከካውያው ጫፍ ጠብ አለና የቻላቸው ቀኝ እግር ላይ አረፈ። ቆዳው ጨሰ። ቻላቸው ግን ወጉን ቀጠለ።

«አያ፣ እግርህ!» አለ አንለይ።

ቻላቸው ጎንበስ ብሎ አየና ለመሳቅ ሞከረ። «ከደነዘዘ ቆየ እኮ። ስኳር ነው አሉኝ። ፍሬኑንስ ምን አባቱ፣ በጉልበቴ እረግጠዋለሁ። ያስቸገረኝ የነዳጁ መርገጫ ነው፤ ልኩ ይጠፋብኛል። አንዴ እበራለሁ፣ አንዴ እንደ ኤሊ እጎተታለሁ። መንግሥቴ ከሰማ ቁልፉን ይቀበለኛል። በሞቴ፣ ለማንም እንዳትናገር። አንተ መቼም ነዳጁን የሚይዝልኝ ነገር አታጣም።»

አንለይ ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበረበት እኔም እናንተም እናውቃለን። እሱ ግን እግሩን ትቶ ስለ ሞተሩ ማሰብ ጀመረ። የእጀ ብልህ ሰው ጣጣው ይኸው ነው፤ የሚሠራ ነገር ካገኘ ሌላው አይታየውም።

ሁለት ወር ፈጀበት። ከጎማው ጋር በሚዞረው ዘንግ ላይ ማግኔት አሰረ። ዘንጉ በዞረ ቁጥር አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ዙሩን ትቆጥራለች። ፍጥነቱ ሲወርድ፣ ከአሮጌ መኪና የተፈታ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር የነዳጁን ገመድ ይስባል፤ ሲበዛ ያላላል። ፍሬን ሲረገጥ ሁሉም ባንዴ ይለቃል። ከወረታ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው ሜዳ ላይ በአምሳ ኪሎ ሜትር ሞከሯት። ቻላቸው እግሩን አነሣ፤ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነጎደ። ከፊታቸው የላም መንጋ መንገዱን ሲያቋርጥ ፍሬኑን ረገጠ፤ ሳጥኗም ወዲያው ለቀቀች።

«እሰይ፣ የናቴ ልጅ!» ብሎ የአንለይን ራስ ሳመው። አንለይ በዕድሜው እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ እግሩ ተረሳ። ነዳጁ ባስቸገረው ቁጥር ይደነግጥ የነበረው ሰው አሁን የሚያስደነግጠው ጠፋ፤ የሐኪም ቀጠሮውንም አሳለፈ። ሚስቱ አገኘሁሽ፣ የስኳሩን እንጂ የድንዛዜውን ነገር ያልሰማች፣ ሂድ ታከም እያለች ስትወተውተው «ደህና ነኝ፤ እየነዳሁ አይደለም ወይ?» ይላታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እነዚህ ደግሞ ለሁለት ሆነው ነው የደበቁት።

በየካቲት፣ ሁዳዴ ሳይገባ፣ ደሙ እንዲንቀሳቀስለት ብሎ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወረደ። ሰው ሁሉ ውኃው በረድ ካለበት ሲታጠብ፣ እሱ ቀኝ እግሩን ከምንጩ መውጫ ሥር ነክሮ ካጠገቡ ከተቀመጠው ገበሬ ጋር ስለ ክረምቱ ጎርፍ ሲያወጋ ቆየ። ሲያወጣው ቆዳው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተላቀቀ። አላመመውም። ስላላመመውም በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ካልሲ ደርቦ ሦስት ሳምንት ነዳ። በመጨረሻ አገኘሁሽ ሽታውን ጠርጥራ ጨርቁን ስትፈታው ጩኸቷ ጎረቤት አስወጣ።

ባሕር ዳር ሐኪም ቤት እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ «የደነዘዘ እግር በዓይን ነው የሚጠበቅ። መደንዘዙን ያወቃችሁት መቼ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«አፈር ስሆን ጌታዬ፣ እኛ የምናውቀው የለም» አለች አገኘሁሽ እያለቀሰች። አንለይ ወለል ወለሉን ያይ ነበር። እስከ ዛሬም አልነገራት።

በሰኔ ቻላቸው በክራንች እየተደገፈ ወደ ሱቁ መጣ። ከስቷል። ያንኑ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ነዳጁንስ ሳጥኗ ትይዝልኛለች» አለ። «ማርሽ ስቀይር ለሚረገጠው ፍሪሲዮን ግራ እግሬ ይበቃል። ፍሬኑን በእጅ የሚያስይዝ ነገር ብቻ ጨምርልኝ፤ መንግሥቴን እኔ ለምኜ አሳምነዋለሁ። ከሹፍርና ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፣ አንለይ።»

ይቻላል። ቻላቸው ተናግሮ ሳይጨርስ ፍሬኑን በእጅ የሚገፋው ዘንግ የት እንደሚታሰር፣ ገመዱ በየት እንደሚያልፍ ለአንለይ ታይቶታል። እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና ኪሱ ከተተው።

«አልሠራም፣ አያ።»

«ምን አልክ?»

«እምቢ አልኩ።»

ቻላቸው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ክራንቹን ብብቱ ሥር አስገብቶ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ይህችን እምቢታ በጥቅምት የት አስቀምጠሃት ነበር?» አለውና ወጣ።